ለጋሼ የመረጥኩላቸው ካሊፐር

ጋሼ ስልክ ላይ ሰላምታ አያስረዝሙም። የዚያን ቀን ግን ጭራሹንም ሰላምታ አልነበረም። የምሳ ሰዓቴ ነበር፤ ሳንድዊቼን ገና አንድ ጊዜ እንደገመጥኩ፣

«ያቺ መለኪያዬ አብዳለች» አሉኝ።

«የቷ መለኪያ?»

«ካሊፐሯ ናታ! አንዱን ጥይት ሦስት ጊዜ ብለካው ሦስት ዓይነት ቁጥር ሰጠችኝ። ሌላ ፈልጊልኝ። ውድ አልፈልግም፤ ርካሽ ሆኖ የማይዋሽ። አንቺ እንደሆንሽ ሥራሽ ነው።»

እውነት ነው፣ ሥራዬ ነው። ቶሮንቶ ውስጥ፣ ዌስተን የሚባለው ሰፈር አጠገብ ባለች፣ የቧንቧ መገጣጠሚያ በምትሠራ ትንሽ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ከማሽኑ ትኩሱን የወጣ የናስ ዕቃ አነሣለሁ፣ በካሊፐሩ ሁለት መንጋጋዎች መሀል እይዘዋለሁ፣ ያልፋል ወይም አያልፍም እላለሁ። ከዚህ ሌላ የሚጠበቅብኝ ነገር የለም። ጠዋት ሺፍቴን ስጀምር ዓይኔን ጨፍኜ አጭር ጸሎት እጸልያለሁ፤ ሐሰተኛ መለኪያ በእግዚአብሔር ዘንድ ምን ያህል የተጠላ እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ አድጌያለሁና፣ እጄ እንዳይዋሽ እለምናለሁ። ጓደኞቼ ለምደውኛል። ሱፐርቫይዘሬ «ጸሎቷን ካልጨረሰች ማሽኑን አታስነሡ» እያለ ይቀልዳል።

ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ናቸው። በአሥራ ሰባት ዓመት ይበልጡኛል። አባታችን ሲሞቱ እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም ነበር፤ ደብተር የገዙልኝም፣ ትምህርት ቤት ያስገቡኝም፣ በኋላም ስፖንሰር ሆነው ወደ ቶሮንቶ ያመጡኝም እሳቸው ናቸው። ወንድሜ ቢሆኑም አንድ ቀን «አንተ» ብያቸው አላውቅም። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ኢስት ዮርክ ባለችው ትንሽ ቤታቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጆቻቸው ሌላ ግዛት ናቸው፤ በአማርኛ ሲጠየቁ በእንግሊዝኛ የሚመልሱ፣ መልካም ግን ሥራ የሚበዛባቸው ልጆች።

አደን የለመዱት እዚሁ አገር ነው። ሆስፒታል ውስጥ በጥገና ክፍል ሲሠሩ አንድ ሽማግሌ ባልደረባ ነበራቸው፤ እሱ ነው ፈቃድ አስወጥቶ፣ ጫካ ወስዶ ያስለመዳቸው። ሽማግሌው ጉልበቱ ሲከዳው ጠመንጃውንና ጥይት መሙያ ማሽኑን ለጋሼ ትቶላቸው ሄደ። ማሽኑ ከቤዝመንታቸው ጠረጴዛ ላይ በብሎን የታሰረ፣ ክንድ ያለው ከባድ ብረት ነው። የተተኮሰውን ቀለህ ያጸዱና፣ ባሩዱን መዝነው ይጨምሩና፣ አረሩን ከላይ ይተክሉበታል። ከዚያ የጥይቱን ቁመት ከጫፍ እስከ ጫፍ በካሊፐር ይለካሉ። ቁጥሩ ከፍ ካለ የማሽኑን ብሎን ትንሽ ወደ ታች ያጠብቃሉ፤ ዝቅ ካለ ያላላሉ። አረሩ ከልኩ በላይ ወደ ቀለሁ ከሰመጠ ባሩዱ ሲነድ ግፊቱ መሄጃ ያጣል። ጠመንጃው የተኳሹ ጉንጭ አጠገብ ሊፈነዳ ይችላል። ይህን የነገሩኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው፣ ድሮ፣ እጃቸው ደህና በነበረበት ጊዜ።

ከሱቅ ከመግዛት ይረክሳል ይላሉ። እኔ ግን ምክንያታቸው ሌላ መሆኑን አውቃለሁ። ጋሼ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ ሥጋ አይበሉም። ጫካ ውስጥ ደግሞ ተኩሰው እስኪደርሱ አጋዘኑ ነፍሱ ልትወጣ ትችላለች። ስለዚህ ባርኮቱን ወደ ጠረጴዛቸው አመጡት። እያንዳንዱን አረር ሲተክሉ «በስመ አብ ወወልድ» ብለው ነው ክንዱን የሚጫኑት።

«ቢላዬ ይኼ ነው» አሉኝ አንዴ፣ ጥይቱን በሁለት ጣታቸው ይዘው። «ልኩ ከተዛባ አጋዘኑን ያቆስለዋል እንጂ አይጥለውም። ሮጦ ቁጥቋጦ ውስጥ ይሞትና በክት ይሆናል። የእግዜርን ፍጥረት በክት ማድረግ ኃጢአት ነው።»

«እኛ ብንሆን ጸልየንበት እንበላው ነበር» አልኳቸው።

«እናንተ ጴንጤዎች ምን አለባችሁ! ጸልያችሁበት አህያም ትበላላችሁ።»

እንዲህ እየተሳሳቅን ነው የኖርነው። የአጋዘን አደን የሚፈቀደው ከገና ጾም በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። ጋሼ ደግሞ ጾሙ ሳይገባ ሥጋው ደርሶ፣ ለእኔም ለጎረቤትም ተከፋፍሎ እንዲያልቅ ስለሚፈልጉ ከመስከረም ጀምሮ ቤዝመንት ይወርዳሉ። ስልኩን የደወሉልኝ በዚያ ሰሞን ነው።

በነጋታው ከሥራ ስወጣ አንድ የመሣሪያ ሱቅ ገባሁ። የላስቲኩን ካሊፐር ገና ሳየው ተውኩት፤ ሲጫኑት ይለምጣል፣ የሚለምጥ ነገር ደግሞ የያዘውን ሰው ጉልበት እንጂ የዕቃውን ልክ አይናገርም። መስመር ብቻ ያለው የድሮው ዓይነት ብረቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የወጣት ዓይን ይፈልጋል። ልኩን እንደ ሰዓት በመርፌ የሚያሳየው ባለ መርፌው ደግሞ ጥርሱ ውስጥ ብናኝ ከገባ ይዘላል። ቁጥር በመስታወት የሚያሳየው ባትሪው ሲደክም ይቀባጥራል፣ ቀዝቃዛ ቤዝመንት ውስጥም ባትሪ ቶሎ ይደክማል። ቢሆንም ቁጥሩ ትልልቅ ስለሆነ ለጋሼ ዓይን እሱ ይሻላል ብዬ ከዚሁ ዓይነት ሦስት ርካሾች አስወጣሁ። አንድ በአንድ መንጋጋቸውን ጠረግኩ፣ ዘጋሁ፣ ወደ መብራቱ አንሥቼ በመሀላቸው ብርሃን ማለፍ አለማለፉን አየሁ። ከዚያ ዜሮ አድርጌ፣ ከፍቼ፣ ዘግቼ፣ ወደ ዜሮ መመለሱን ደጋግሜ ተመለከትኩ። ርካሽ ዕቃ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ውዱ ሁልጊዜ ወደ ዜሮው ይመለሳል፤ ርካሹ አንዳንዱ ይመለሳል፣ አንዳንዱ አይመለስም፣ ዕድሉን የሚያውቀው የሞከረው ሰው ብቻ ነው።

ሻጩ ክንዱን አጣጥፎ ሲያየኝ ቆየና «እመቤት፣ ልታገቢው ነው እንዴ?» አለኝ።

«ባል ስመርጥ እንዲህ ባደርግ ኖሮ ዛሬ አብሮኝ በኖረ» አልኩት። ሳቀ። እኔ የምሬን ነበር።

ሦስተኛው ሁልጊዜ ወደ ዜሮው ተመለሰ። እሱን ገዛሁት። በማግሥቱ ሱፐርቫይዘሬን አስፈቅጄ፣ በምሳ ሰዓት ልኩ በትክክል በሚታወቀው የፋብሪካው ማመሳከሪያ ብረት ፈተንኩት። የኢንች አንድ ሺኛ እንኳ አልሳተም። ርካሽ ሆኖ የማይዋሽ አገኘሁ ብዬ ጌታን አመሰገንኩ።

ቅዳሜ ይዤላቸው ሄድኩ። ቤዝመንቱ እንደ ወትሮው ንጹሕ ነበር፤ ቀለሆቹ በረድፍ ቆመዋል፣ ባሩዱ ከተቆለፈበት ሳጥን አልወጣም። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉና አንድ ጥይት አንሥተው ለኩ። ቁጥሩን ጮክ ብለው አነበቡ። ደገሙ፤ ሌላ ቁጥር። ሠለሱ፤ ሌላ።

«ይኼም አብዷል!» ብለው ካሊፐሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። «ምን ዓይነት ዘመን ነው፣ ብረቱ ሁሉ ያብዳል?»

«እስቲ እኔ ልየው ጋሼ።»

ያንኑ ጥይት አምስት ጊዜ ለካሁት። አምስቱንም ጊዜ አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ግን አልተናገርኩም። «እስቲ አንዴ ይድገሙት» አልኳቸውና በዚህ ጊዜ ካሊፐሩን ትቼ እጃቸውን አየሁ። አውራ ጣታቸው ይንቀጠቀጣል። ትንሽ ናት፣ ሰው ልብ የማይላት ዓይነት፤ ግን መንጋጋው ጥይቱን ሲነካ ጣታቸው አንዴ ጨብጦ አንዴ ይለቃል፣ ጥይቱም ወደ ጎን ያዘነብላል። ዘንበል ያለ ነገር ደግሞ ልኩን አይሰጥም። ሌላም ነገር አየሁ። ጠረጴዛው ላይ የተተወው ወረቀት የእሳቸው ጽሑፍ ነበር፤ ፊደሎቹ ከመስመሩ መጀመሪያ ወደ መጨረሻው እየኮሰመኑ ሄደው ጉንዳን አክለዋል። ጋሼ አገር ቤት ሳሉ የወረዳ ጸሐፊ የነበሩ ሰው ናቸው። ጽሕፈታቸው እንደ ማተሚያ ነበር።

«እህ? ምን ትያለሽ?» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። ጌታ ምስክሬ ነው፣ እውነቱን ልናገር ነበር የከፈትኩት።

«ርካሽ ዕቃ ነው ጋሼ። እመልሰዋለሁ።»

እኛ ዘንድ ክፉ ነገር ለባለቤቱ በቀጥታ አይነገርም። የሞት መርዶ እንኳ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማለዳ ቤት ተንኳኩቶ ነው። ሕመም ሲሆን ለታማሚው የሚነገረው ሌላ፣ በጓዳ የሚወራው ሌላ ነው። እናታችን የታመመች ጊዜ እኔ ማትሪክ ልፈተን ሁለት ወር ቀርቶኝ ነበር። ጋሼ ሐኪሙ የነገራቸውን በሆዳቸው ይዘው «ጨጓራ ነው፣ አንቺ አጥኚ» አሉኝ። ፈተናውን በጨረስኩ በሳምንቱ አረፈች። አንድ ቀን እንኳ አልተቀየምኳቸውም። መደበቃቸውን እንደ ፍቅር ነው የቆጠርኩት። እኔም ያን ቅዳሜ በሰብዌዩ ባቡር ስመለስ፣ ያደረግኩት እሳቸው ያደረጉልኝን ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጸሎቴ ላይ ግን ነገሩን ዘልዬ አለፍኩት።

ደህናውን ካሊፐር ለሱቁ መለስኩ። ሻጩ «ፍቺው ቶሎ ደረሰ» አለኝ። አልሳቅኩም። በምትኩ ባለ መርፌውን ወሰድኩ፤ የመርፌው ሰሌዳ ሰፊ ነው፣ እጃቸው ቢንቀጠቀጥ እንኳ ዓይናቸው መሀሉን ይይዛል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ተስፋ ከማለት ራሴን አታለልኩ ማለት ይሻላል።

እሑድ ከሰዓት ብሉር መንገድ ላይ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ ልጋብዝዎ ብዬ ጠርቼ አዲሱን ካሊፐር እዚያው ሰጠኋቸው። ኪሳቸው ውስጥ ባዶ ቀለህ ነበር። ከሳህኑ ጎን ሆነው ለኩት፣ ቁጥሩን አነበቡ። ተቀብዬ ለካሁ። አንድ ሆነ።

«ይኸው!» አሉ፣ ፊታቸው በርቶ። «ይኼ ሰው ነው! አላልኩሽም? ዕቃው ነበር።»

«ዕቃው ነበር» አልኩ።

በፋብሪካዬ አንድ ጊዜ ብቻ የተለካ ዕቃ አሳልፌ አላውቅም። አንድ ጊዜ መለካት መለካት አይደለም፤ አጋጣሚ ነው። ይህን ለስንት አዲስ ሠራተኛ አስተምሬያለሁ። የዚያን ቀን ግን «እስቲ ይድገሙት» አላልኳቸውም። ቢደግሙት ምን እንደሚሆን አውቅ ነበርና ጥብሱን ወደሳቸው አስጠጋሁ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ከዚያ አንድ ሐሙስ ደወሉ።

«ቅዳሜ ለታ ዒላማ ሜዳ ሄጄ አንዱ ጥይት ትከሻዬን እንዴት አድርጎ መታኝ መሰለሽ! ቀለሁም ጠመንጃው ውስጥ ተጣብቆ አልወጣም አለኝ። በእንጨት መዶሻ መትቼ ነው ያስወጣሁት።»

«ጋሼ! ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሌላ ተኮስኩ። ደህና ነው። ሰኞ ጫካ ነን።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ወንድሜ ሊሞቱ ነው፤ የሚሞቱትም እኔ «ዕቃው ነበር» ስላልኩ ነው። ከዚህ የተለየ ሐሳብ በጭንቅላቴ ውስጥ አልነበረም። ያኔውኑ መልሼ ደውዬ መናገር ነበረብኝ። አልደወልኩም። እሑድ ቅዳሴ ሲሄዱ ገብቼ ጥይቶቹን ራሴ ለክቼ፣ መጥፎዎቹን ለይቼ፣ አንድም ቃል ሳልተነፍስ ነገሩን አስተካክላለሁ አልኩ። አሁንም መደበቅ ነበር የማስበው።

እሑድ ጠዋት የራሴን ቤተ ክርስቲያን ቀርቼ ኢስት ዮርክ ወረድኩ። ቁልፍ ሰጥተውኛል፤ አንድ ነገር ቢሆን ብለው። ቤዝመንቱ ጠረጴዛ ላይ ለሰኞ ያዘጋጇቸው አርባ ጥይቶች በሳጥናቸው ተደርድረው ነበር። ባለ መርፌውን ካሊፐር ጠርጌ፣ ዜሮ አድርጌ ጀመርኩ። አንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ። ደህናውን በግራ፣ ያልሆነውን በቀኝ። ተሳስተው ባነበቡት ቁጥር ብሎኑን አንዴ ሲያጠብቁ አንዴ ሲያላሉ እንደነበር ከጥይቶቹ ቁመት ይታያል። አንዳንዶቹ ረዝመዋል። አምስቱ ግን አጥረዋል፤ አረራቸው ሰምጦ ካሊፐር ሳያስፈልግ በዓይን ይታያል። በእያንዳንዳቸው ላይ በስመ አብ ተብሏል። እሱን ሳስብ እጄ ላይ የያዝኩት ከበደኝ።

የበሩ ድምፅ አልተሰማኝም። ቀና ስል ጋሼ ከደረጃው ግርጌ ነጠላቸውን እንደለበሱ ቆመዋል። ቅዳሴው ሳያልቅ ነው የመጡት፤ ቆሞ ማስቀደስ እያቃታቸው እንደሆነ የዚያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ሁለቱን ክምር ተራ በተራ አዩ።

«የቀኙ ምንድነው?»

«ያልሆነው።»

«ስንት ነው?»

«አሥራ አራት።»

መጡና ካጠሩት አንዱን አነሡ፤ ወደ መብራቱ አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዩት። ጥይቱ በጣቶቻቸው መሀል ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለታችንም የምናየው ጥይቱን ሳይሆን ጣታቸውን እንደነበር አውቃለሁ።

«ካሊፐሩስ?» አሉኝ።

«ደህና ነው ጋሼ።»

«የመለስሽውስ? ያኛው?»

«እሱም ደህና ነበር።»

«የኔይቱስ? መጀመሪያ አብዳለች ያልኳት?»

እሷን ለክቼባት አላውቅም ነበር። ከመሳቢያው አወጣኋት፤ ጠርጌ ለካሁ። ደህና ነበረች።

ጋሼ ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢቆጡኝ በተሻለኝ።

«እጅዎ ነው ብትይኝ ኖሮ እጄን እሰበስብ ነበር» አሉ በለሆሳስ። «ዕቃው ነው አልሽኝ፤ ዕቃውን ቀየርኩ። አምኜሽ ተኮስኩ።»

«እንዳይከፋዎት ብዬ ነው።»

«እንዳይከፋኝ።» ጥይቱን ከክምሩ ላይ መልሰው አስቀመጡ። «ለሌላ ሰው ብሰጠውስ? ለዚያ ለጎረቤቴ አሥሩን ልሰጠው ቃል ገብቼ ነበር። ልጆቹን ይዞ ነው ጫካ የሚወጣው።»

ይህን አልጠበቅኩም። ይቅርታ ልለምን ስል እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። ነጠላቸውን አጣጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና የማሽኑን ብሎኖች በመፍቻ መፍታት ጀመሩ። መፍቻው ከብሎኑ ላይ ደጋግሞ ይንሸራተት ነበር። ልርዳዎት አላልኩም፤ ልርዳዎት የማለት መብት ያለኝ አልመሰለኝም። ሰኞ አደን አልሄዱም። በዚያ ዓመት ጾሙ ሲገባ በፍሪጃቸው ሥጋ አልነበረም።

የሐኪም ቤቱን ቀጠሮ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። የነርቭ ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ሲናገር ይፈጥናል። ጋሼ ለሥራ የሚሆን እንግሊዝኛ አላቸው፤ እንዲህ ሲፈጥን ግን ያመልጣቸዋል፣ ስለዚህ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። ጣታቸውን እንዲያንኳኩ፣ እንዲራመዱ፣ በወረቀት ላይ ክብ እየጠቀለሉ እንዲሥሉ አደረጋቸው። ከዚያ ወንበሩን አስጠግቶ ተቀመጠና ለእኔ ነገረኝ። ፓርኪንሰን የሚሉት ሕመም ነው። የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። መድኃኒቱ መንቀጥቀጡን ያስታግሳል እንጂ ሕመሙን አያጠፋውም፤ በየዓመቱ እየጨመረ ይሄዳል። ጠመንጃ ይቅር።

ጋሼ ዞር ብለው አዩኝ። «እንደሰማሽው ንገሪኝ» አሉኝ።

በአማርኛ ስንት ለስላሳ መንገድ እንዳለ አውቃለሁ። «ትንሽ የነርቭ ነገር ነው» ይባላል። «እግዚአብሔር ያውቃል» ይባላል። ሁሉም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበሩ። አንዱንም አላልኩም። ሐኪሙ እንዳለው፣ በሐኪሙ ቅደም ተከተል፣ የሕመሙን ስምም፣ አይጠፋም ያለውንም፣ ይጨምራል ያለውንም፣ ጠመንጃውንም ነገርኳቸው። ድምፄ ሲሰበር አቆምኩና ከተሰበረበት ቀጠልኩ።

ጋሼ አዳመጡ። አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ፊታቸውን ከእኔ መለሱና ወንበራቸውን ወደ ሐኪሙ አዙረው፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው፣ ቃል በቃል እየለቀሙ ጠየቁት፤ ስሙ ይኼ ነው? አይጠፋም? ይጨምራል? ጠመንጃ ይቅር?

ሐኪሙ ግራ ገብቶት አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አየ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዎ አላቸው።

አራተኛውን አዎ እስኪሰሙ ድረስ ወደ እኔ አልዞሩም።